ይድረስ ለእቴቴ፦ ያን ቤት ለምን እንደተውነው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናቲም ሰሞኑን ሳሉ ጋብ ብሎለት ሌሊቱን ሳይነቃ ያድራል።

እሁድ ስንደዋወል «ዕቁባችሁ ወጥቶ፣ ባንኩ እሺ ብሎ፣ ቤቱ ተገኝቶ ምን ሆናችሁ ተዋችሁት?» ብለሽ ተቆጣሽኝ። እማዬም ከጎንሽ ሆና «እኔ እኮ ስለት ገብቼ ነበር» ስትል ሰምቻለሁ። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላልተግባባን ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ለእማዬም አንብቢላት። አንቺም ጀሞ ግራውንድ ላይ ያለውን ኮንዶሚኒየም ልትገዢ እያሰብሽ ስለሆነ ነገሩ ይጠቅምሻል።

ቤቱን የተውነው በሻጋታ ምክንያት ነው። ሻጋታው ደግሞ ለዓይን አይታይም። ያገኘነው ከግድግዳው ጀርባ ነው።

መጀመሪያ የዚህን አገር ቤት አሠራር ልንገርሽ። ቤዝመንቱ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ አፈር ውስጥ የተቀበረ ነው። ውጪው ብሎኬት ይሆናል። በውስጥ በኩል እንጨት ይቆምና ድራይዎል የሚሉት የጂፕሰም ሰሌዳ ይመታበታል። ሰሌዳው ፊቱም ጀርባውም ወረቀት ለብሷል። ሻጋታ ወረቀትና እንጨት ምግቡ ነው፤ የሚጎድለው ውሃ ብቻ ነው። ከብሎኬቱ በኩል ትንሽ እርጥበት ካገኘ እዚያ ጨለማ ውስጥ ማንም ሳያየው ይራባል። ከፊት ያለው ቀለም ግን ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል። እንጀራ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ስታዪ ውስጥ ውስጡን ገብቶ እንዳለቀ ታውቂ የለ? ይኼም እንደዚያው ነው።

እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ወበቁ አያድርስ ነው። ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ቤዝመንት ውስጥ ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል። ስለዚህ ዝናብ ባይገባም እንኳ ቤዝመንት ያለው ሰው ሁሉ ከእርጥበት ጋር ትግል አለበት።

ቤቱ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተሠራ የጡብ ቤት ነው። ግቢው ሰፊ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ፣ ሰፈሩ ጸጥ ያለ። ባለቤቴ ሰላም ገና በሩ ላይ ሆና ነው የወደደችው። ቤዝመንቱ ታድሶ አዲስ ሞኬትና አዲስ ነጭ ቀለም ለብሷል። እማዬ ስትመጣ ታርፍበታለች ያልነው ክፍል እዚያ ነበር። ስንገባ ሽታ ያለው ሻማ በየጥጉ በርቷል። ቤት ሲታይ ሻማ ማብራት እዚህ የተለመደ ነው። እኔን የያዘኝ ጥግ ላይ የቆመው ማሽን ነው። የአየሩን እርጥበት እየመጠጠ ወደ ባልዲ የሚያጠራቅም ማሽን ነው፤ ብዙ ቤት አለ፣ መኖሩ ነውር የለውም። ግን ጎንበስ ብዬ ሳየው ጠፍቶ ነበር፣ ባልዲው ደግሞ እስከ አፉ ሞልቷል። ከሻማው ሽታ ሥር ደግሞ ያ ታፍኖ የከረመ ሽታ አለ።

በ2021 እና በ2022 እዚህ ገበያው ሲግል ብዙ ገዢ ሻጩን ደስ ለማሰኘት «ያለ ኢንስፔክሽን እንገዛለን» እያለ ይወዳደር ነበር። እኛ እንደዚያ አላደረግንም። ኮንትራታችን ውስጥ «ምርመራው ካላጠገበን እንወጣለን፣ ቀብዳችንም ይመለስልናል» የሚል አንቀጽ አስገባን። እቴቴ፣ ያቺ አንዲት አንቀጽ ናት ያዳነችን።

መጀመሪያ የመጣው የተለመደው የቤት መርማሪ ነው። ጣሪያ፣ መብራት፣ ቧንቧ፣ ማሞቂያ ያያል። ሻጋታ መመርመር በሙያው ደንብ ግዴታው አይደለም፤ እሱም ገና ሲጀምር ነግሮናል። ግን ውጭ አዙሮ ያሳየን ነገር ከሁሉም በላይ ጠቀመን። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የሚያፈሰው ልክ ግድግዳው እግር ሥር ነው። አፈሩም ወደ ቤቱ ተዘቅዝቋል። እዚህ ደንቡ ከግድግዳው ጀምሮ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ መሬቱ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውረድ ይላል። ያ ቤት በተቃራኒው ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ሄዶ ብሎኬቱን ይደገፋል ማለት ነው።

ከዚያ የሻጋታ ባለሙያ ጠራን። ስንመርጥ የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፦ የማጽዳቱን ሥራም አንተ ትሠራለህ ወይ? አዎ ያሉንን ተውናቸው። ሻጋታውን ፈልጎ የሚያገኘው ሰው በማጽዳቱም የሚከፈለው ከሆነ ቃሉን እንዴት አምናለሁ? መርምሮ ብቻ የሚሄድ ሰው አገኘን።

ሰውየው መጀመሪያ ላይ አየር መለኪያውን ከመኪናው እንኳ አላወረደም። ሻማዎቹን አስጠፍቶ ትንሽ ቆመና አሸተተ። ከዚያ ባትሪውን ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ ወደ ጎን አበራው። ፊት ለፊት ስናየው ለጥ ያለው ግድግዳ ታች ታቹን አብጦ ታየን። ካሜራም አለው፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚለይ። ብዙ ሰው ሻጋታ የሚያሳይ ይመስለዋል። የሚያሳየው ግን ቀዝቃዛ ቦታን ብቻ ነው፤ እርጥብ ቦታ ብዙ ጊዜ ስለሚቀዘቅዝ የት እንደምትፈልጊ ይጠቁምሻል። ማረጋገጫው ሁለት መርፌ ያለችው የእርጥበት መለኪያ ናት። ቤት ውስጥ ያለ ደረቅ እንጨት ብዙውን ጊዜ ከ15 በመቶ በታች ነው የሚያነበው፤ 20ን ካለፈ ያሰጋል። ዞኮሎው ላይ ሲሰካት 24 አለች።

ቀጥሎ ሻጩን አስፈቅዶ የሞኬቱን ጥግ በፒንሳ ይዞ ብድግ አደረገው። ሞኬቱ አዲስ ነው። ከሥሩ የሚይዘው ቀጭን እንጨት ግን የድሮው ነበር፤ ጠቁሯል፣ ሚስማሮቹም ዝገው ቀይ ዱቄት አራግፈዋል። እኔ ያን ጊዜ ነው ልቤ ቤቱን የለቀቀው። አዲስ ሞኬት አልብሰው የድሮውን እርጥብ እንጨት ከሥር ትተውታል።

አየሩን የለካው መጨረሻ ላይ ነው። ትንሽ ፓምፕ ናት፤ በደቂቃ 15 ሊትር እየሳበች 5 ደቂቃ ትሠራለች፣ 75 ሊትር አየር ማለት ነው። አንዴ ውጭ ግቢው ውስጥ፣ አንዴ ቤዝመንት፣ አንዴ ፎቅ። ውጭ ለምን ትይኝ ይሆናል። የሻጋታ ዘር ስፖር ይባላል፤ በዓይን የማይታይ ነገር ነው፣ የትም አየር ውስጥ አለ። ይኼን ያህል ከሆነ ክፉ ነው የሚል የፌዴራል ሕግም የለም፤ የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ኢፒኤ ራሱ በግልጽ ጽፎታል። ስለዚህ የቤቱን ከውጭው ጋር ማነጻጸር ነው ያለው አማራጭ። ውጤቱ ሲመጣ ፎቁ ንጹሕ ነው፤ ቤዝመንቱ ከውጭው በትንሹ ነው የበለጠው። በወረቀቱ ብቻ ብንሄድ ኖሮ እንገዛው ነበር። ባለሙያው ግን አስቀድሞ ነግሮናል፦ ሰው ጥቁር ሻጋታ የሚለው ስታኪቦትሪስ ስፖሩ የሚያጣብቅ ስለሆነ ካልነኩት በቀር ብዙም አየር ላይ አይወጣም። ግድግዳው ውስጥ ተዘግቶበት እያለ አየሩ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ጥቁር የሆነ ሁሉ እሱ ነው ማለትም አይደለም፤ በቀለም አይለይም።

እርግጡን ለማወቅ ግድግዳውን መብሳት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይሆንም። ሻጩ ካንገራገረ በኋላ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ማንም የማያየው ቦታ፣ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ፈቀደ። በሽቦ ጫፍ ላይ ያለች ካሜራ ገባች። ስልኩ ላይ ያየነውን ሰላም እስካሁን ታወራዋለች። የጂፕሰሙ ጀርባ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁርና ጸጉራም ሆኗል። በዚህ በኩል እኮ ነጭ ቀለም ነው! ልጄን የማስተኛው እዚህ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ለሻጩ «አሸንዳውንና አፈሩን አስተካክል፣ እርጥቡን ጂፕሰም አውጣ፣ ከዚያ እንፈራረም» አልነው። እሱ ከዋጋው ትንሽ ልቀንስና እንዳለ ውሰዱት አለ። ግድግዳው ተከፍቶ ሳይታይ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ማንም ሊነግረን አልቻለም። የቤት ኢንሹራንስ ደግሞ ቀስ በቀስ ሰርጎ ለገባ ውሃና እሱ ላመጣው ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። እዚህ ሜሪላንድ ሻጭ የቤቱን ሁኔታ በዝርዝር ከመናገር ይልቅ «እንዳለ ነው የምሸጠው» ብሎ መፈረም ይችላል። ያም ሆኖ ጤና የሚጎዳና በጥንቃቄ ቢያዩት የማይታይ ጉድለት መኖሩን ካወቀ የመናገር ግዴታ አለበት። አላውቅም ካለ ግን ምን ታደርጊዋለሽ? ወጣን። ቀብዳችን ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

የምርመራው ገንዘብ አልተመለሰም። አንቺን ያናደደሽ ይኼ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በብር ስትመቺው ያስደነግጣል። እኔ ግን ያን ብር አልቆጨበትም፣ ነገም እከፍለዋለሁ። የናቲን አስም ታውቂያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው ለሳል፣ ለአስምና ለመተንፈሻ አካላት ችግር ይበልጥ ይጋለጣል ብሏል። ልጁ ሌሊት ሲያፍነው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይኼን ለማመን ወረቀት አይፈልግም።

ቤተ ክርስቲያን ስናወራ ምክሩ በዛብን። አንዱ «ዕቃ መሸጫ ሱቅ የሚገኘውን የሻጋታ መመርመሪያ ሰሃን ገዝታችሁ ክፈቱት፣ ከበቀለበት ሻጋታ አለ ማለት ነው» አለ። የትኛውም ቤት ብትከፍቺው ይበቅልበታል፤ ስፖር የሌለበት አየር የለም አልኩሽ እኮ። ሌላዋ አቧራ ጠርጎ 36 ዓይነት ሻጋታ የሚቆጥረውን ምርመራ አሰሩ አለችን። እሱን ራሱ ያወጣው ኢፒኤ ለምርምር እንጂ ለቤት ገዢ አይሆንም ይላል። በረኪና ረጭቶ ቀለም መቀባት ነው ያሉም አሉ። ውሃው ካልቆመ ተመልሶ ይመጣል። ሻጋታው በዓይን ከታየ ደግሞ ምን ዓይነት ነው ብሎ ለላብራቶሪ መክፈሉ ብዙ ጊዜ ትርፍ ነው፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማግኘትና ማጽዳት ነው።

አሁን ወደ አንቺ ቤት ልምጣ። እዚያ ጂፕሰም ባይኖርም ብሎኬትና ልስን ውሃ ይስባል፤ ግራውንድ ደግሞ ከአፈሩ ነው የሚስበው። እባክሽ ነሐሴ ሳይወጣ እዪው። በጋ ላይ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። ጠዋት፣ መስኮት ሳይከፈት ግቢ። ዕጣን ተጪሶ ካገኘሽው ሌላ ቀን ተመለሺ። ሻወሩ ከመኝታ ቤቱ ጋር የሚጋራውን ግድግዳ በእጅሽ ዳብሺው። ከላይ ያለው ሰው ሻወር የት እንደሆነ ጠይቂና ከሱ ሥር ያለውን ኮርኒስ እዪ። ቀለሙ ታች ብቻ አዲስ ከሆነ፣ ካበጠ፣ ወይም ነጭ ጨው ከተፋ ውሃ ሲመላለስበት ኖሯል። ቁም ሳጥን ግድግዳ ላይ ተደግፎ ካለ ሳታፍሪ ሳብ አድርጊው። ጎረቤትም ጠይቂ፤ ክረምት ላይ ምን እንደሚሆን ከደላላው ይልቅ እነሱ ይነግሩሻል።

መሣሪያ የለኝም እንዳትይ። አንድ ወፍራም ላስቲክ ክንድ በክንድ አድርገሽ ቁረጪና የምትጠረጥሪው ግድግዳ ላይ አራቱንም ጎን በስኮች አሽገሽ ለጥፊው። ባለቤቱ ከፈቀደ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ይቆይ። ላስቲኩ በግድግዳው በኩል ካላበው ውሃው ከግድግዳው ነው የሚወጣው። በክፍሉ በኩል ካላበው ደግሞ ከቤቱ አየር የመጣ ነው፤ መስኮት በመክፈት ሊስተካከል ይችላል። የመጀመሪያው ከሆነ ግን የሰፈሩ ማማርና የዋጋው መርከስ እንዳያታልልሽ።

እኛ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ቤት እናያለን፤ ይኼኛው ትንሽ ከፍታ ላይ ነው፣ አፈሩም ወደ መንገዱ ይወርዳል። ሰላም ገና ሳታየው ኩሽናውን እየለካች ነው። ለእማዬ ስለቱ አልቀረም፣ ቀኑ ብቻ ነው የተገፋው በያት። የጉልበቷን መድኃኒት በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ላስቲኩን የለጠፍሽበትን ፎቶ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ሁለቱንም ጎን አንሺው። ሳልመልስልሽ ቀብድ እንዳትከፍዪ።

ናፋቂ ወንድምሽ