ስለ ትራክተሩ የፊት መከላከያ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የግራር ቅርንጫፍ የትንሿን ትራክተር የፊት ወንፊት ጥሶ ራዲያተሩን ሊወጋው እንደ ነበር ከነገሩኝ ጀምሮ ሐሳቤ እዚያው ነው። የባቡር ሐዲድ ብረት ፊቷ ላይ ላስበይድ ያሉትን ግን እባክዎ ይተዉት፤ መከላከያውን እኔው እዚህ አዳማ ሠርቼ አመጣዋለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳዎት። ሞተሩን ከፊት የያዘው ድጋፍ ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ስለሆነ፣ የብየዳ ሙቀት አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍበትና ቶሎ ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም ወዲያው ላይታይ ይችላል። በቡሎን የታሰረ መከላከያ ግን ጉቶ ቢመታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጣመመው ቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነው አራት ማዕዘን ብረት)፣ ቢብስም የሚበጠሰው ቡሎኑ ነው፤ ሁለቱንም ገዝቶ መተካት ይቻላል። ማረሻው ከኋላ ሲነሣ ፊቷ እንዳይቀል ጥቂት ክብደት ይጠቅማል፤ እንደ ሐዲድ ያለ ከባድ ብረት ከፊት ርቆ ሲንጠለጠል ግን መሪውን ያከብዳል፣ የፊት ጎማዎቹን የያዘውን አክሱልም ይጎዳል።

ስለዚህ 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነና ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቱቦላሬ መርጫለሁ። ለክብደት ማንጠልጠያ ተብለው ከፊት በተበሱት ቀዳዳዎች፣ ራሱ ላይ የጥንካሬውን ደረጃ የሚያሳይ 8.8 የሚል ቁጥር ባለው ቡሎን አስረዋለሁ። ኮፈኑ ከፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ስለሚከፈት፣ መከላከያው ከታች በማጠፊያ ወደ ፊት እንዲተኛ አደርገዋለሁ፤ ያለዚያ ዘይት ለማየት በተነሡ ቁጥር ቡሎን ሲፈቱ ሊውሉ ነው፣ ጉልበትዎም ይህን አይችልም። ከራዲያተሩ ፊት የምበይደው ሽቦ ዓይኑ ሰፋ ያለ ይሆናል፤ ደቃቅ ሽቦ በገለባ ተደፍኖ አየር ይከለክላልና፣ ከእሾህ ያዳነው ሞተር በሙቀት ይጎዳል። እርስዎም በአጨዳ ወቅት ሞተሩን አጥፍተው ገለባውን ያራግፉልኝ፤ ውሃው ከፈላ ግን እስኪቀዘቅዝ ድረስ የራዲያተሩን ክዳን እንዳይነኩት አደራ።

አሁን የምፈልገው ልኬት ነው። ታናሽ ወንድሜ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ስፋትና ከቀዳዳዎቹ እስከ ኮፈኑ ጫፍ ያለውን ቁመት ለክቶ ይላክልኝ። አክሱሉ መሃሉ ላይ ባለው ፒን ግራና ቀኝ ስለሚወዛወዝ፣ አንዱን ጎማ ጉብታ ላይ አውጥቶና መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ጎማው ወደ ፊትና ወደ ላይ የት ድረስ እንደሚደርስ ይለካልኝ። ሜዳ ላይ የተወሰደ ልኬት ብቻውን አይበቃም።

አባቴ፣ ይህ ብረት ራዲያተሩንና መብራቱን ይጠብቅልኛል እንጂ እርስዎን ከሚወድቅ ዛፍ ወይም ከመገልበጥ አያድንም። ግራሩ እስኪመነጠር ድረስ በዳር በኩል እንዳያርሱ እለምንዎታለሁ። ልኬቱ እንደ ደረሰኝ ሥራውን እጀምራለሁ፤ ጸረ ዝገትና ቀለም ቀብቼ ለመስቀል በዓል ይዤው እመጣለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ከአዳማ