ካዛብላንካን ለምን ዘለላችሁት?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አርማታ ሕንፃ ታሪክ ያወጣችሁትን ሁለቴ አነበብኩት። በአርማታ ግንባታ ስለታወቁት ፈረንሳዊያን ስለ ፔሬ ወንድማማቾች በአማርኛ ተጽፎ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፦ ጽሑፉ ከፓሪስ ተነስቶ እዚያው ፓሪስ አለቀ። ሰሜን አፍሪካ የት ገባች?

ታሪኩ የቤተሰብ ነው። አባትየው ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። በ1871 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ሕዝብ በመንግሥት ላይ ባነሳው በፓሪስ ኮሚዩን አመፅ ተሳትፈው ወደ ብራሰልስ ሸሹ፤ ልጆቻቸው ኦጉስት፣ ጉስታቭና ክሎድም እዚያው በስደት ተወለዱ። ምሕረት ሲታወጅ ፓሪስ ተመልሰው በግንባታ ሥራ ቀጠሉ። ኦጉስት የአርክቴክቸር ትምህርቱን ዲፕሎማ ሳይዝ ትቶ አባቱ ጋ ገባ። አባት በ1905 ሲሞቱ ድርጅቱ የወንድማማቾቹ ሆነ። ሁለቱ ይነድፋሉ፣ ታናሹ ክሎድ አስተዳደሩን ይይዛል፤ ንድፉም ግንባታውም ከአንድ ቤት ይወጣል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ፓሪስ ፍራንክሊን ጎዳና ላይ በ1904 የጨረሱትን አፓርታማ ብታዩት አርማታው በሴራሚክ ተሸፍኗል፣ ቅጠልና አበባ የተቀረጸበት ሴራሚክ። ሞሮኮ ውስጥ፣ ካዛብላንካ ወደብ ላይ በ1915 ግድም የሠሯቸው መጋዘኖች ግን ሌላ ናቸው። ሞሮኮ በፈረንሳይ እጅ ከገባች ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ ወደቡ ቶሎ መጋዘን ይፈልጋል፣ በርካሽ። ወንድማማቾቹ ጣሪያውን ውፍረቱ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ በሆነ የአርማታ ቅስት ከደኑት። ጌጥ የለ፣ ልባስ የለ።

እኔ ሳይት የምውል ሰው ነኝ። ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ስንሞላ ፌሮው (ውስጡ የሚገባው ብረት) ትንሽ ካዘነበለ ኮንክሪቱ ሲጠነክር ብረቱ ከታች ብቅ ይላል፣ ከዚያ ዝገት ነው። ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ተንበርክኮ አንድ በአንድ የሚያስተካክለው ለዚህ ነው። እኛ እንዲህ የምንጨነቀው አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ይዘን ነው! ያን ስስ ቅስት፣ ያውም ጎባጣ፣ ሞልቶ ማቆም ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ የገባው ይገባዋል።

እናንተ ያደነቃችሁት፣ ወንድማማቾቹ ፓሪስ አጠገብ የሠሩት የለ ራንሲ ቤተክርስቲያን በ1923 ነው የተሠራው። የእሱም ጣሪያ ስስ የአርማታ ቅስት ነው። ስለዚህ "አዲስ ፈጠራ" ያላችሁት ነገር ከዚያ ስምንት ዓመት ግድም ቀደም ብሎ አፍሪካ ውስጥ በወደብ መጋዘን ላይ ተሞክሯል። ቅኝ ግዛቱ ቤተ ሙከራቸው ነበር፣ ክብሩን ግን ፓሪስ ወሰደችው። ይሄ ያንገበግበኛል።

ካዛብላንካም ብቻዋን አይደለችም። አልጄሪያ ውስጥ የኦራን ከተማ ካቴድራል አርማታ የእነሱ ሥራ ነው፤ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። አልጀርስ ላይ አርክቴክቱ ዣክ ጊዮሻ የነደፈውን የቅኝ ገዢውን መንግሥት ሕንፃ የገነቡትም እነሱ ናቸው። የፈረንሳይ መሪ ደ ጎል በ1958 ከሰገነቱ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ "ተረድቻችኋለሁ" ብሎ የተናገረበት ሕንፃ ነው፤ ዛሬ የአልጄሪያ መንግሥት ይሠራበታል።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ቅደም ተከተሉን አስተካክሉት። መጀመሪያ ካዛብላንካ፣ ቀጥሎ ለ ራንሲ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ