ከደብሊን፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? ይህችን ሰላምታ ለመጻፍ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀብኝ። አትሳቂ። በቴሌግራም እጀምርና አንድ መስመር ጽፌ አጠፋዋለሁ። ዛሬ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ፣ ቡናዬን አፍልቼ፣ እንደ ድሮው በወረቀት ልጻፍላት ብዬ ተቀመጥኩ። ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።

መጀመሪያ ይቅርታ። እናትሽ ሲያርፉ መምጣት ባልችል እንኳ መደወል ነበረብኝ። የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ዘግይቼ ስለሰማሁ አፈርኩ፣ ስላፈርኩ ደግሞ ይበልጥ ዘገየሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልደውል?

ዝምታዬ ግን የጀመረው ከዚያም በፊት ነው። ያን ሌሊት ስንት ጊዜ ደወልሽልኝ! "ደብሊን እየነደደች ነው ይላሉ፣ የት ነሽ?" እያልሽ። እኔ በማግስቱ "ምንም የለም፣ ደህና ነኝ" ብዬ ጻፍኩልሽ። ዋሽቼሻለሁ። አሁን እውነቱን ልንገርሽ።

ቀኑ በኛ ኅዳር 13፣ 2016 ነበር። የኅዳር ሚካኤል ማግስት። እናንተ ሰፈሩን ባጠናችሁ በነጋታው ደብሊን ታጠነች። በፈረንጁ ኖቬምበር 23፣ 2023 ነው። ከዚህ በኋላ ዓመቱን በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፤ ሁለቱን ሳቀላቅል ራሴም ይምታታብኛል።

ቀን ላይ ፓርኔል አደባባይ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ፣ አንድ ሰው ሕፃናትን በቢላ ወጋ። ሦስት ልጆችና ተንከባካቢያቸው ቆሰሉ። ሰውየውን ካስቆሙት አንዱ በሞተር ምግብ የሚያደርስ ብራዚላዊ ነው፤ የራስ ቁሩን አውልቆ መታው። እሱም እንደኛው መጤ ነው። ወሬው ግን "የወጋው የውጭ አገር ሰው ነው" እያለ በየስልኩ ሲሮጥ ዋለ። ሲመሽ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከተማውን ያዙት። አውቶቡስ ነደደ፣ ትራም ነደደ፣ የፖሊስ መኪና ነደደ። ሱቅ ተሰበረ። ጫማ በካርቶኑ ታቅፎ የሚሮጥ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ሌሊት 34 ሰው ታሰረ።

እኔ ከሥራ ወጥቼ ትራንስፖርት አጣሁ። በእግሬ ጀመርኩ። ፀጉሬን በኮፍያዬ ሸፍኜ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በጓሮ በጓሮ። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ድምፃቸውን ስሰማ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ገብቼ ተለጠፍኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይርገበገባል። አንቺ ነበርሽ። መብራቱ እንዳያጋልጠኝ ፈርቼ አላነሳሁትም። ይኸው ነው ነገሩ።

የሚገርምሽ፣ እዚያው ዋናው መንገድ ኦኮኔል ጎዳና ላይ፣ በዚያው ዓመት አዲስ ፖሊስ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። ሰው "ፖሊስ በዓይናችን እንይ" እያለ ስለጮኸ ነው የተከፈተው። ጣቢያው ቆሞ ጎዳናው ነደደ።

ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር ሰው የሚያወራው ስለ ፖሊስ ቁጥር ነው። ፖሊሶቹን ጋርዳ ይሏቸዋል። ሙሉ ስሙ "የሰላም ጠባቂዎች" ማለት ነው፣ በራሳቸው በአየርላንድኛ። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር "ጋረደ" የሚለው ነው የሚመጣብኝ። አብዛኞቹ ሽጉጥ አይዙም፣ ታምኚያለሽ? ከተቋቋሙበት ከ1922 ጀምሮ እንዲሁ ናቸው። መጀመሪያ እዚህ የመጣሁ ሰሞን አንዱ ሰዓት ሊነግረኝ ሲጠጋኝ መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ግራ ገብቶት አየኝ። እኔና አንቺ እኮ ፖሊስ ስናይ መንገድ ቀይረን ነው ያደግነው። ጥፋት ኖሮብን አይደለም፣ እንዲያው ነው።

ስለዚህ የሰፈሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲሰበሰቡ፣ እናቶች ተነስተው "ፖሊስ አምጡልን" እያሉ ሲማጸኑ መስማት ለኔ ጉድ ነው። ጎረቤቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ሰማንያ የሞላት አሮጊት ናት፣ እኔ እማማ እላታለሁ፣ ትርጉሙን ነግሬያት ደስ ብሏታል። ፖለቲከኞቹ ከፊት ተደርድረዋል። አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው ቁጥር ይመልሳል። የመንግሥቱ ዒላማ 15 ሺህ ነበር፣ አልተደረሰበትም። በ2020 ወደ 14,700 ደርሶ ከዚያ ወደ 14 ሺህ ወረደ። አዲሱ ጥምር መንግሥት በ2025 መጀመሪያ ላይ በአምስት ዓመት 5,000 አዲስ ፖሊስ እቀጥራለሁ አለ። ተቃዋሚው "የሚለቀውንና ጡረታ የሚወጣውን አትቆጥሩም ወይ?" ይላል። እውነቱን ነው። የተቀዳው ውኃ ሳይሆን ማድጋው ነው የሚታየው፤ ማድጋው ደግሞ ያፈሳል።

ከየት ጀመረ ብትይ፣ ከኢኮኖሚው ውድቀት። በ2009 ቅጥር ቆመ። ቴምፕልሞር የሚባለው ብቸኛው የፖሊስ ማሠልጠኛ እስከ 2014 ድረስ አዲስ ምልምል ሳይቀበል ቆየ። በ2012 እና በ2013 ደግሞ 139 ፖሊስ ጣቢያ ተዘጋ፣ አብዛኛው ገጠር ያለ። ያኔ ሳይቀጠሩ የቀሩት ልጆች ዛሬ ቢኖሩ ልምድ ያላቸው ሳጅኖች ይሆኑ ነበር። ክፍተቱን በገንዘብ በአንድ ጀምበር አትሞይውም። አሁን የምልምሉን የዕድሜ ጣሪያ ከ35 ወደ 50 አንስተዋል። "አንቺም እኮ መግባት ትችያለሽ" ብላ እማማ ቀለደችብኝ። ጉልበቴ ሲንቋቋ አልሰማችም።

የተዘጋ ጣቢያ ማስከፈት ራሱ ፖለቲካ ነው። ስቴፕሳይድ የሚባል የደብሊን ዳርቻ አለ፣ ደህና ኑሮ ያላቸው የሚኖሩበት። የአካባቢው ተመራጭ ሚኒስትር ሆኖ ገባና ስለዚያ ጣቢያ ነጋ ጠባ ሲወተውት ከርሞ በ2020 አስከፈተው። የገጠሩ ሰው ይህን አይረሳም።

እማማ በስብሰባው መሃል እጇን አወጣች። "እኔ 15 ሺህ አልፈልግም። ስሜን የሚያውቅ አንድ ይበቃኛል" አለች። አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ፖለቲከኞቹም አጨበጨቡ፣ ከዚያ ወደ ቁጥራቸው ተመለሱ።

ሴትዮዋ ዝም ብላ አይደለም የተናገረችው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሄሮይን በዚህ ሰፈር እንደ ተስቦ ነበር የገባው። በየሕንጻው ወጣት ይሞታል፣ ሰዎቹ ከፖሊሱም ከመንግሥቱም የሚሰማቸው አጡ። ያኔ እናቶችና አባቶች ራሳቸው ተደራጁ። ሻጩ ቤት ደጃፍ ድረስ ተሰልፈው ሄደው "ውጣ" ይሉታል። ስማቸው "ስለ አደንዛዥ ዕፅ የተጨነቁ ወላጆች" ነበር። እማማ ሕፃን አዝላ ትሰለፍ ነበር፤ ማዘሏን እንኳ በኛ ቃል ነው የነገርኩሽ፣ እነሱ በጋሪ ነው የሚገፉት። ብዙ ሻጭ አባረሩ። ነገር ግን አንዳንዱ ሻጭ ሳይሆን የታመመ ተጠቃሚ ነበር፣ አልጋው ውጭ ተጥሎበታል። መንግሥት ደግሞ "ከኋላችሁ ታጣቂዎች አሉ" ብሎ ጠረጠራቸው። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የምትኮራበትም የምታፍርበትም አንድ ላይ ነው።

መንግሥት ከምር የነቃው በ1996 ነው። ቬሮኒካ ጌሪን የምትባል ስለ ዕፅ ነጋዴዎች የምትጽፍ ጋዜጠኛ መኪናዋ ውስጥ እንዳለች ተገደለች። በዚያው ዓመት የወንጀለኛን ንብረት የሚወርስ ልዩ ቢሮ ተቋቋመ። ለተጎዱት ሰፈሮችም የራሳቸው ግብረ ኃይል፣ ነዋሪው የተቀመጠበት፣ በጀት ተመደበለት። ሃያ ዓመት ቆይቶ ደግሞ የሁለት ቡድኖች ደም መቃባት መጣ፣ ኪናሃንና ሃች የሚሏቸው። በ2016 አንድ ሆቴል ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ተኩስ ተከፈተ። እስኪበርድ 18 ያህል ሰው አለቀ።

አሁን የምነግርሽ ግን ከተኩሱ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝን ነው። ዕዳውን።

እዚህ ሰፈር አንድ የ15 ዓመት ልጅ ፓኬት አስቀምጥ ይባላል። ፖሊስ ያገኘዋል፣ ይወስዳል። ዜናው "ይህን ያህል ሺህ ዩሮ የሚያወጣ ዕፅ ተያዘ" ይላል። ፖሊሱ ሥራውን ሠርቷል። የዕቃው ባለቤት ግን ዕቃው ስለተያዘ ዕዳውን አይሰርዝም። ማታ እናትየውን በሯን ያንኳኳል። ልጅሽ ይህን ያህል አለበት። ካልከፈለች መስኮቷ ይሰበራል፣ ልጁ ይደበደባል፣ ወይም ዕዳውን እንዲሠራበት ተጨማሪ ፓኬት ይሰጠዋል። ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድራ በየሳምንቱ የምትከፍል እናት አለች። እቁብ የምትጥል ነው የሚመስለው። ተራዋ ግን መቼም አይደርስም።

ይህ እንግዲህ ቁጥር ቢጨመር የሚጠፋ ነገር ነው? ፖሊስ በበዛ ቁጥር የሚያዘው ይበዛል፣ የሚያዘው ሲበዛ የእናቶቹ ዕዳ ይበዛል። ፖሊስ አይኑር ማለቴ አይደለም፣ ያን ሌሊት እኔ ራሴ መቶ ቢሆኑ ሺህ ብያለሁ። ግን ይህች ሴትዮ የምትፈልገው ሌላ ነው። ክስ ሳትመሠርት፣ ስሟ ሳይወጣ፣ ጓዳዋን ልትነግረው የምትችል ሰው። ለዚህ ጉዳይ በየወረዳው የተመደበ ኢንስፔክተር አለ፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን በቅጽል ስም እንኳ ለማታውቂው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ትነግሪያለሽ? የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ደጃፍሽ ሲቆም ፎቅ ላይ ያሉት መጋረጃዎች ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ። እናትሽ በር ላይ ተቀምጠው ሽሮ እየለቀሙ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደዋለ ሲያውቁ ትዝ ይለኛል። እኛን ስንት ጊዜ አሳበቁብን! ለሲጋራዋ ነገር እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም ነበር። አሁን ብያለሁ።

እና ደግሞ ስሚ፣ በ2024ቱ ምርጫ ከነዚያ ሁለት ቡድኖች የአንዱን ስም የያዘው ጄሪ ሃች በዚሁ በኛ ምርጫ ክልል ተወዳደረ። በሆቴሉ ግድያ ተከሶ በ2023 በነጻ የተለቀቀው ሰውዬ። ለጥቂት ነው ወንበሩ ያመለጠው። ከሦስት ሺህ በላይ ሰው አንደኛ ምርጫዬ አለው። ጋዜጣው ሁሉ ጉድ አለ። እኔ ብዙም አልገረመኝም። ድምፁን ከሰጡት መሃል ስብሰባው ላይ ፖሊስ ካላመጣችሁ ብለው የጮኹ አሉ። ሰው የሚያውቀውን ስም ነው የሚመርጠው።

ሌላው ወገን ደግሞ "ነገሩን ለፖሊስ ሳይሆን ለሐኪም ስጡት" ይላል። በ2023 ተራ ዜጎች በዕጣ ተመርጠው ስለ ዕፅ ወራት ተወያይተው፣ ተጠቃሚው በሕክምና በኩል ይታይ ብለው ደመደሙ። በ2024 መጨረሻ ላይ በወንዙ ዳር፣ ነርስ እያየች የሚወጉበት ክፍል ተከፈተ። ሕጉ የወጣው በ2017 ነው፤ ጎረቤት ያለ ትምህርት ቤት ተቃውሞ፣ ፈቃዱ ተጓቶ፣ ሰባት ዓመት ፈጀ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ልጄን በዚያ መንገድ ባላሳልፍ እመርጣለሁ፤ በደረጃችን ሥር መርፌ ከማገኝ ደግሞ ክፍሉን እመርጣለሁ።

በነገራችን ላይ ጫት እዚህ ክልክል ነው፣ ከዕፁ ዝርዝር ውስጥ። ደርቆ "ሻይ ቅጠል" ተብሎ በፖስታ ሲመጣ ጉምሩክ ይይዘዋል። ባለቤትሽ "አንድ እሽግ ልላክልሽ ወይ?" ያለው ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀልድ ሆኖ ይቅር።

የኔን ነገር ጠይቀሽ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሁለት ጊዜ መስኮቴ ላይ እንቁላል ተወርውሯል። ልጆች ናቸው፣ አንዱን በእግር አካሄዱ አውቀዋለሁ። ለፖሊስ አላመለከትኩም። ስለዚህ በየዓመቱ በሚወጣው የወንጀል ቁጥር ውስጥ የኔ እንቁላል የለም። እማማ ለልጁ አያት ነገረቻት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ባልዲና ጨርቅ ይዞ መጣ። ቀና ብሎ አላየኝም። መስኮቱን አጥቦ ሲጨርስ አንድ ቁራጭ አምባሻ ሰጠሁት፣ ቅመሙን አሽትቶ በላ። ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት ግን አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው ፈልጌ ፈራሁ።

ስለ እናትሽ የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ ይሁን፣ እዚህ ላይ አይበቃም። በርበሬ በሰው ብትልኪልኝ ያረጀው አልቋል፣ ያኛው የእናትሽ ቅመም ያለበት። ስልኬ ያው ነው። በሌሊትም ቢሆን ደውዪ፣ አነሳለሁ።

አብሮ አደግሽ