የአውቶ ክበብ፦ ስንቀባና ስንፍቅ የከረምንበት ዓመት

የሌሎች ክበባት ተጠሪዎች ስለ ዋንጫና ስለ ድራማ ይጽፋሉ። እኔ የምጽፈው ስለ ቀለም ነው።

አንድ የተማሪ ወላጅ የሰጡን የአሮጌ ቮልስ ሞተር እስከ ታኅሣሥ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተመልሶ ተገጠመ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍኩት ልጆቹ ስላልለፉበት አይደለም። ዓመቱን የበላብን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። "ቲቸር፣ አሁን እንቀባው!" አሉኝ። ቀላል መስሎን ነበር።

ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ለግቢ በር ተገዝቶ በተረፈ የዘይት ቀለም ቀባነው። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ሞተሩ ተነሥቶ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ቀለሙ አረፋ አወጣ፣ ጨሰ፣ ሽታው ቤተ መጻሕፍት ድረስ ገባ። "ለሙከራ ይሁን" ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹን አትውቀሱ።

የቱ ክፍል ምን ያህል እንደሚሞቅ የጠየቅነው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከኮሮና ጊዜ የተረፈውን የግንባር ቴርሞሜትር ደቀንን። እሱ የሚያውቀው የሰው ትኩሳት ብቻ ነው፤ ሳቅ ሆነ። ቀጥለን ከፊዚክስ ክፍል ቴርሞካፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ያለው መልቲሜትር ተዋስን። የዘይት ማጠራቀሚያው 80 ዲግሪ ገደማ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ራስ) ከ130 በላይ፣ የጭስ ቱቦው ደግሞ 260 አሳየ። ያውም ሞተሩ ያለ ጭነት ቆሞ ሲሠራ።

የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድን። ባለሱቁ ሁለት ጣሳ ስፕሬይ አውጥቶ "መምህር፣ ሁለቱም ያው ነው" አለኝ። አንዱ ላይ 500፣ ሌላው ላይ 1200 ተጽፏል። ልጆቹ ባለ 500ውን ሊያስጠቀልሉ ሲሉ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ፊደል አየች። ፋራናይት! 500ው 260 ሴልሺየስ፣ 1200ው ደግሞ 650 ገደማ ነው። ባለ 500ው ለሞተሩ አካል ይበቃል፤ ለጭስ ቱቦና ለማርሚታ ግን ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ያለበት ባለ 1200ው ነው የሚያዋጣው።

ልጆቹ ሁሉንም ቢጫ ለመቀባት ቋምጠው ነበር። ደማቅ ማቅለሚያ ግን እንዲህ ያለውን ሙቀት እምብዛም አይችልም፤ ለማርሚታ የሚሸጠው ባብዛኛው ጥቁርና ብርማ ነው። ተደራድረን የማራገቢያውን ሽፋን ቢጫ አደረግነው፤ እሱ ብዙም አይሞቅም። ሲሊንደሮቹ ላይ ግን ጸናሁ። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ሙቀቱን የሚያስወጡትን የሲሊንደሮቹን ስስ ክንፎች በቀለም መደራረብ ጋቢ እንደ ማልበስ ነው። አንድ ስስ ጥቁር ብቻ ነፋንባቸው።

የተቃጠለውን ቀለም በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ለመፋቅ ሦስት ቅዳሜ ፈጀን። በቲነር አጸዳነው። ከሥር ተራ ፀረ ዝገት አልቀባንም፤ እሱ ከተቃጠለ የላዩንም ይዞት ይነሣል። የሲሊኮን ቀለም ደግሞ ደርቆ እንኳ በጥፍር ይፋቃል፤ የሚጠነክረው ሲሞቅ ነው። አሥር ደቂቃ ማስነሣት፣ ማቀዝቀዝ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ማቀዝቀዝ፣ ሠላሳ ደቂቃ። ለ15 ዓመት ልጅ ከመፋቁ የባሰው ይኼ መጠበቅ ነው።

ሰኔ ላይ ማርሚታው እንደጠቆረ ነው፣ አልተላጠም። ሞተሩ ያለው ግን አሁንም የእንጨት ማቆሚያው ላይ ነው። የሚገጠምበት መኪና ገና አላገኘንም።