ለገና ሌሊት ልጅ ጠባቂዎች 40 ቦርሳ እንሙላ

የገና ዋዜማ ቅዳሴ ሌሊቱን ያነጋል። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ካሉ ወላጆች ብዙዎቹ ያን ሌሊት ሕፃናቱን ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ልጅ አደራ ብለው ይወጣሉ። የማታ ሥራ፣ ለቅሶና ሠርግ ሲመጣም እንደዚሁ ነው። የምትጠብቀው ብዙውን ጊዜ የ14 ወይም የ15 ዓመት ታዳጊ ናት፤ ይዛ የምትመጣውም ስልኳን ብቻ ነው። ልጆቹ ቪዲዮ ሲያዩበት ባትሪው ያልቅና እናት ከሥራ ስትደውል የሚያነሳ አይኖርም።

በማኅበራችን ለእነዚህ ታዳጊዎች 40 የጀርባ ቦርሳ እያዘጋጀን ነው። አንዱን ለመሙላት 30 ዶላር መድበናል፤ ለ40ው 1,200 ዶላር ይሆናል። በዚህ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ለመሙያ ለእያንዳንዱ ቦርሳ 6፣ 6 ዶላር፣ በድምሩ 480 ዶላር ያስፈልጋል። እባካችሁ ይህችን 480 አትናቋት። ጓንት፣ ፕላስተርና ወረቀት ቶሎ ያልቃሉ፤ ካልተተኩ ቦርሳው በሦስት ወር ውስጥ የተሰባበረ ከለር መያዣ ሆኖ ይቀራል።

ቦርሳው የሚሰጠው 13 ዓመት ለሞላቸው ብቻ ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ሲቀር ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው፣ እምነት የሚጣልበት ሰው አብሮት እንዲሆን ያዛል። የአሜሪካ ቀይ መስቀል የልጅ ጥበቃ ሥልጠና ከ11 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ዕድሜን አይተካም። የ12 ዓመቷ ታናሽ እህት ብታለቅስም አንሰጥም።

በውጭ ኪሱ የምትገባው ካርድ ከሁሉም ትበልጣለች። ወላጆች ከመውጣታቸው በፊት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሞሏታል፦ የቤቱ ሙሉ አድራሻ ከነአፓርትመንቱ ቁጥርና ከነመግቢያው ኮድ፣ የሁለት አዋቂዎች ስልክ፣ አለርጂ፣ የመኝታ ሰዓት። ታዳጊዋ ሰው ቤት ናትና ወደ ድንገተኛ አደጋ መስመር 911 ደውላ «የት ነሽ?» ስትባል አድራሻውን ላታውቀው ትችላለች። ካርዷ ላይ ልጅ መርዛማ ነገር ሲውጥ የሚደወልበት የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል ቁጥር 1-800-222-1222ም ታትሟል፤ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። እዚያው ኪስ ውስጥ የስልክ ቻርጀር፣ አራት ጥንድ የናይትራይል ጓንት (ላቴክስ የተባለው ጎማ የሚያሳክካቸው ልጆች ስላሉ)፣ 20 ፕላስተር፣ አንድ ፋሻና የእጅ ባትሪ ይገባሉ። የእጅ ባትሪው በጣት ባትሪ ድንጋይ (AA) የሚሠራና ክዳኑ በብሎን የሚታሰር ይሁን። በክቧ የሰዓት ባትሪ የሚሠራውን አንቀበልም፤ ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች።

መድኃኒት ምንም አይገባም፤ የልጆች የትኩሳት ሽሮፕም ቢሆን። መጠኑ በልጁ ክብደት የሚወሰን ነው፤ እናትየው ከመውጣቷ በፊት ሰጥታው ከሆነ ደግሞ ይደረባል። ታዳጊዋ ትደውላለች እንጂ አትሰጥም።

መጫወቻው በሁለት የጨርቅ ከረጢት ይከፈላል፤ ቀዩ ከ3 ዓመት በታች ላሉት፣ አረንጓዴው ከዚያ በላይ ላሉት። ስፌት የምትችሉ እናቶች 80 ከረጢት ብትሰፉልን ትልቅ ወጪ ታድኑናላችሁ፤ ልኩ 25 በ30 ሳንቲሜትር፣ አዘጋጉ በዚፕ። መሳቢያ ገመድ አታድርጉበት፣ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ፕላስቲክ ከረጢትም አንፈልግም፤ ሕፃን ጭንቅላቱ ላይ ያጠልቀዋል። ለቀዩ ከረጢት መጫወቻ ስታመጡ በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቱቦ ለኩት። በቱቦው ካለፈ ጉሮሮ ውስጥም ሊገባ ይችላልና አይሆንም። ፊኛ ለሁለቱም ከረጢት ክልክል ነው፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ የመተንፈሻ ቧንቧ ላይ እንደ ክዳን ይለጠፋል።

አረንጓዴው ውስጥ 12 ወፍራም ከለር፣ 30 ነጭ ወረቀት፣ የፊደል ካርድ (33ቱ ፊደላት ከሀ እስከ ፐ፣ ሰባቱ ዘር በአንድ ካርድ)፣ የእንቆቅልሽ ካርድና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት አንድ ጥቅል ሰማያዊ ቴፕ አለ። ቴፑ ወለል ላይ ለሰኞ ማክሰኞ ነው፤ ሲነሳ ሙጫ አይተውም። ጠጠሩን የተጠቀለለ ካልሲ ይተካዋል፣ ታች ቤት ያሉትም አይረበሹም።

የሚድቦለቦለውን የመጫወቻ ሊጥ ራሳችን እናቦካዋለን። ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ከሦስት አራተኛ ኩባያ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ። ውሃው በአንዴ ከፈሰሰ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ካነሰ ይሰነጣጠቃል። ጨው የሚቀንስ ሰው አይጠፋም፤ ያኔ ሊጡ በቀናት ውስጥ ይሻግታል። ይኸው ጨው ግን ቢበላ ስለሚጎዳ ሊጡ ቀዩ ከረጢት ውስጥ አይገባም። የጤፍ ዱቄት አታምጡ፤ ሊጥን የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው ይፈረካከሳል። ስንዴ ለማይስማማው ልጅ ሊጡ ከነዕቃው ይወጣል።

ገበጣው ከ6 ዓመት በላይ ላሉት ነው። ሰሌዳው የ12 እንቁላል ካርቶን ነው፤ ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ አለው፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ባቄላ፣ በድምሩ 48። ከጨዋታ በፊት 48፣ ከጨዋታ በኋላ 48 ተቆጥሮ ይገባል። የጎደለችዋ አንዷ ባቄላ ሶፋ ሥር ናት፤ ነገ የሚያገኛት የሚድኸው ሕፃን ነው።

ምግብ አትላኩልን። ቆሎ፣ ለውዝና ፈንድሻ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማነቂያ ናቸው፤ በመንጋጋው ገና በደንብ ስለማያደቅ ሳይፈጭ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። የወይን ፍሬም ቢሆን ለትንሽ ልጅ በቁመቱ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ነው የሚሰጠው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ለሳል ብሎ ማር ማላስም አይገባም። እነዚህ ሁሉ በካርዷ ጀርባ ተጽፈዋል፤ ልጅቷ «አያቱ ፈቅደዋል» እንዳትል።

ቦርሳው ልጆቹ ቤት አያድርም። ጠባቂዋ ይዛው ትመጣለች፣ ይዛው ትሄዳለች፤ ዕቃውን አንድ በአንድ ታወጣለች፣ አንዱ ሳይገባ ሌላው አይወጣም። ሁሉም አንዴ ከተዘረገፈ በሃያ ደቂቃ ይሰለቻል፣ የቀረው ሌሊት እንደገና የስልክ ይሆናል። ክብደቱም ከ3 ኪሎ እንዳይበልጥ እንመዝነዋለን።

ገንዘብ የምትሰጡ ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ስጡ። ዕቃ የምታመጡ እስከ ዲሴምበር 14 ድረስ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መግቢያ ላይ ባለው ሳጥን አስቀምጡ። ያገለገለ ቦርሳ ዚፑ እስከሠራ ድረስ እንቀበላለን፤ ያገለገለ መጫወቻ ግን ታጥቦ ይምጣ። ማሸጊያው ቀን ዕቃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሲሆን 12 ሰው ያስፈልገናል፤ ሁለት ሰው ለሊጡ፣ ሁለት ለቆጠራ፣ የቀሩት ለመሙላት። ባዶ የእንቁላል ካርቶን ከዛሬ ጀምሮ አጠራቅሙልን፤ እንቁላል የፈሰሰበትን ግን ጣሉት።