ለእታለም፣ ገበናዬን ለሸፈናችሁልኝም ሁሉ

ያን ጊዜ ዘርዝሬ አላወራውም። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምትኖሩ ሁሉ አብራችሁኝ አይታችሁታል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ለ43 ቀናት ሲዘጋ፣ ባለቤቴ የሚያጸዳው ሕንፃም ተዘግቶ እርሱ ቤት ዋለ። ቋሚ ሠራተኞቹ ሲመለሱ ውዝፋቸው ተከፈላቸው፤ በኮንትራት ድርጅት በኩል ለሚሠራው ለእርሱ ግን የቀረው ቀረ። በኖቬምበር ደግሞ መንግሥት ለምግብ መግዣ የሚሰጠው የፉድ ስታምፑ ካርድ በጊዜው ሳይሞላ ቀረ። በመላ አሜሪካ ወደ 42 ሚሊዮን ሰው የሚጠቀምበት ነው ይባላል፤ እኔ የማስታውሰው የራሴን ማቀዝቀዣ ብቻ ነው።

እታለም፣ ከሁሉ በፊት የማመሰግነው እርስዎን ነው። «ስሜን እንዳታነሺ፣ አደራ» ስላሉኝ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ በሚጠሩዎት ልጥራዎት። የሳልቫዶሩም የካሜሩኑም ልጅ አፉ እንደቻለው «እታለም» እያለ ነው ምሳውን የሚቀበልዎት።

የቤቴን ነገር ያወቁት እዚያው ምሳ ማደያው ላይ ቆመው ነው። የስምንት ዓመቱ ልጄ ዳቦውን ለሁለት ገምሶ፣ ግማሹን በልቶ፣ ግማሹን በወረቀት ጠቅልሎ እጅጌው ውስጥ ሲከት አዩት። ወተቱንም ሳይከፍት ቦርሳው ውስጥ አስገባው። ትምህርት ላልጀመረችው ታናሽ እህቱ ነበር። እኔ እናቱ አላወቅኩም። «ጓደኛዬ ሰጥቶኝ ነው» ሲለኝ አምኜው፣ ወተቱን በብርጭቆ ቀድቼ ያጠጣኋት እኔው ነኝ።

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ እንባዬ ቀደመኝ። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ የተውኩትም እዚሁ ቦታ ላይ ነው።

እታለም፣ እርስዎ ልጄን አልጠየቁትም። ለማንም አልተናገሩም። ማታ ከሥራ ሲወጡ በሬን አንኳኩተው፣ ሰማያዊ ክዳን ባለው ዕቃ ሽሮ ይዘው ቆሙ። «ልጄ፣ ከአገር ቤት የላኩልኝ በዝቶ ሊነቅዝብኝ ነው፤ እስቲ አግዢኝ» አሉኝ። አንድ ስኒ ቡና ጠጡ፤ የቤቱን ነገር አንድም አላነሡም። ሊወጡ ሲሉ እጅዎ በሩ ላይ እንዳለ፣ «ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ጓዳ ሣጥን የሚያነሣ ሰው ቸግሮናል፤ ለእኔ ብለሽ ነይ» አሉኝ። ለእኔ ብለሽ! እርዳታ ያስፈለገኝን እኔን እርዳታ ለመኑኝ።

ቅዳሜ መጣሁ። ጓዳው ለካ ለተቸገረ ቤተሰብ ምግብ የሚታደልበት ነው። ሣጥን የሚያነሡ ጎረምሶች ሞልተዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ለመመረቅ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ስለሚያስፈልግ ልጆቹ ተሽቀዳድመው ነው የሚሠሩት። ያኔ ገባኝ። እርስዎ ግን ዓይኔን እንኳ ሳያዩ «ሩዙን በዚህ በኩል፣ ባቄላውን በዚያ ደርድሪልኝ» ብለው ሥራ ሰጡኝ። እኩለ ቀን ሲሆን ሁለት ከረጢት ሞልተው፣ «የሠራ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም» ብለው አሸከሙኝ። ሰው ደመወዙን ተቀብሎ እንደሚገባ ነው ቀና ብዬ ቤቴ የገባሁት። ባለቤቴ ከረጢቱን ሲያይ «ከየት ነው?» አለኝ። «ሠርቼ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ስንት ሌሊት አስቤበታለሁ። ልጆቼን ሊያስርብብኝ የነበረው የገንዘብ ማጣቱ ብቻ አልነበረም፤ የእኔ ይሉኝታም ነበር። ስለ ጓዳው የሚናገረው ወረቀት በልጄ ቦርሳ ሁለት ጊዜ መጥቶልኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ማን ያየኛል፣ ማን ምን ይለኛል ብዬ። ያንን መሳቢያ ሳልከፍተው ከፈቱልኝ።

ደግሞ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ተርኪ የሚሉት ትልቅ የዶሮ ዓይነት ወፍ ሲታደል ጾመ ነቢያት ገብቶ እንደነበር ለአስተባባሪዋ ያስረዱልኝ እርስዎ ነዎት። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ መደርደሪያ ምስርና ሽምብራ ብቻ ሆኖ ጠበቀን። የእኛ ተርኪ እስከ ገና በረዶ ውስጥ ቆየ፤ የገና ዕለት ልጆቹ እንደ ዶሮ ወጥ በሉት። አሥራ ሁለት ብልት ለማውጣት ያየሁትን አበሳ እርስዎ ያውቁታል!

አስተባባሪዋን፣ የትምህርት ቤቱን ነርስ፣ መምህራኑንና ጎረምሶቹን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ1983 ጀምሮ በሞንጎመሪ ካውንቲ የተራበ የሚያበላውን ማና የምግብ ማዕከልንም አመሰግናለሁ፤ ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ የሚያበላው እስከ ዓርብ ነው፣ የቅዳሜና እሑዱን ክፍተት የምትሞላው ያቺ የዓርብ ከረጢት ናት። ልጆቹ ስፖርት ላይ ሳሉ ከረጢቷን ሌላ ልጅ ሳያይ በየቦርሳቸው የምትከቱ በጎ ፈቃደኞች፣ ስማችሁን አላውቅም፤ ያን ማድረጋችሁን ግን ልጄ ነግሮኛል። እንጀራ በዱቤ ላልከለከለን ባለ ሱቅ፣ ለቤተ ክርስቲያን እናቶች፣ ልጆቼን ከልጆችዋ ጋር ላበላችልኝ ሙስሊም ጎረቤቴም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ስማችሁን ያላነሣሁ ብዙ ናችሁ። ረስቼ እንዳይመስላችሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ወረቀቱን አጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ የከተትሽ እኅቴም ካለሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔም እዚያ ነኝ። ሩዙን አብረን እንደረድራለን።

ባለቤቴ ከጃንዋሪ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። እታለም፣ ሰማያዊ ክዳን ያለው ዕቃዎ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው። ባዶውን እንዳልመልሰው ብዬ ነው ያቆየሁት። እናቴ ከደብረ ብርሃን በሶ ልካልኛለች፤ በቅቤ አሽቼ ሞልቼው ቅዳሜ ይዤልዎት እመጣለሁ።

የሦስት ልጆች እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ