ማሙዬ፣ ይሄን ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው ዳለስ ኤርፖርት የተሳፋሪ ተራ እየጠበቅኩ ነው የጻፍኩልህ

ማሙዬ እንዴት አደርክ፣ ወይም እንዴት ዋልክ፣ መቼ እንደምታነበው ስለማላውቅ ነው። አንድ ቤት እየኖሩ ደብዳቤ ምንድነው ብለህ እንዳትስቅብኝ፣ እኔ ከሌሊቱ አስር ሰአት ስወጣ አንተ ተኝተሃል፣ አንተ ከስራ ስትገባ እኔ ተኝቻለሁ፣ ቅዳሜ ደግሞ እናትህ ባለችበት ይሄን ጉዳይ ማንሳት አልፈለኩም። አሁን መጠበቂያው ፓርኪንግ ውስጥ ነኝ፣ ከፊቴ መአት መኪና ተደርድሯል፣ ሻዩም በርዶብኛል፣ በቃ ስልኬን ይዤ ልጻፍልህ አልኩ። ፊደል ከሳትኩ እለፈው፣ አውራ ጣቴ ወፍራም ነው።

ሰኞ እለት የመኪናውን ኢንሹራንስ ስፈልግ ፕሪንተሩ ስር ያለውን የወረቀት ክምር ሳገላብጥ የፈተናህን ውጤት አየሁት። ክሌፕ፣ ያ ካለፍከው የኮሌጅ ክሬዲት የሚያሰጠው ፈተና፣ ሂዩማኒቲስ፣ ማለትም ስነጽሁፍና ስነጥበብ፣ 46። ቀኑ ማርች 9 ይላል። እኔና እናትህ ግን እስከዛሬ የምናውቀው ገና ልትፈተን እየተዘጋጀህ ነው። አልተቆጣሁም፣ እውነቴን ነው። ማለፊያው 50 ነው፣ ከ20 እስከ 80 በሚሰጥ ውጤት 46 ማምጣት ማለት በሩ ላይ ደርሶ መመለስ ነው እንጂ ውድቀት አደለም። የከነከነኝ መደበቅህ ነው፣ እሱም የከነከነኝ ከማን እንደወረስከው ስለማውቅ ነው።

ይሄን ነግሬህ አላውቅም። በ1978 ማትሪክ ተፈትኜ ውጤቱ ሲመጣ ሁለት ሲ፣ ሌላው ዲ ነበር። ለአያትህ ገና አልመጣም አልኩት። ሁለት ወር ሙሉ አልመጣም፣ አልመጣም፣ ፖስታው ዘግይቶ ነው ምናምን። አያትህ መሪጌታ እንደነበር ታውቃለህ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እሱን የማያውቅ ሰው የለም፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ የክርስትና ልጁ ነበር! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቋል። አንድ ቀን እንኳን ፊት አልነሳኝም፣ ብቻ ማታ ማታ እየጠራኝ መብራት ያዝልኝ እያለ አጠገቡ ያስቀምጠኝና ቅኔ ይቆጥራል፣ እኔም መብራቱን ይዤ እሰማለሁ። እሱ ማስተማሩ መሆኑን የገባኝ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው፣ ፓርኪንግ ስሰራ፣ ስድስት አመት መሬት ስር ተቀምጬ።

እና እኔም መብራት ልያዝልህ ነው።

እንዴት እንዳጠናህ አይቻለሁ። አንዳንዴ እኩለ ሌሊት ላይ ስነቃ ስልክህ ላይ ካርድ ስታገላብጥ፣ ሞኔ ኢምፕረሽኒስት፣ ባሮክ ባህ፣ ዶሪክ አዮኒክ፣ ከዛ ጀርባውን ገልብጠህ ማየት። ስንት መቶ ካርድ እንደሆነ እንጃ። ያ ነገር ይረዳል፣ አይረዳም አልልም፣ ግን ሰኞ ውጤቱን ካየሁ በኋላ ስለ ፈተናው ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ከጥያቄው ግማሹ በቀጥታ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ማን ጻፈው ማን ሳለው አይነት፣ 30 ፐርሰንቱ ግን የአሰራር ዘዴውንና ስታይሉን ለይተህ እንድታውቅ ነው፣ የቀረው 20 ደግሞ አይተኸው የማታውቀውን ግጥም ወይ ስእል አቅርበው ምን ተረዳህ ይሉሃል። 140 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ ለአንዱ 40 ሰከንድ እንኳን አይደርስም። ካርድ የሸመደደ ሰው በ40 ሰከንድ ውስጥ ካርዱን ፍለጋ ይሄዳል፣ ነገሩን በአይኑ ያየ ሰው ግን አይፈልግም፣ ያውቀዋል።

አንተ ደግሞ የምትኖረው የት እንደሆነ ረሳኸው መሰለኝ። እነዚህን ዶሪክ አዮኒክ እያልክ የምትሸመድዳቸውን የአምድ አይነቶች እኔ በቀን አስር ጊዜ አልፋቸዋለሁ! ሊንከን መታሰቢያ ውጪውን የከበቡት 36 አምዶች ዶሪክ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ምንም ጌጥ የለም፣ ደረቅ ያለ ነገር። ከዛ ጀፈርሰን መታሰቢያ ጋ ስትሄድ አዮኒክ፣ ጫፉ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ ጉልላቱ ደግሞ የሮማውን ፓንቴዎን አይተው የሰሩት ነው። ካፒቶል ሂል ወጥተህ ሱፕሪም ኮርቱ ፊት ስትቆም ቆሮንቶስ ነው፣ ኮሪንቲያን የምትሉት፣ ጫፉ በቅጠል የተጨናነቀ። ሶስቱም በመኪና ሃያ ደቂቃ ውስጥ ናቸው፣ ትራፊክ ከሌለ (ትራፊክ ግን አለ)። አንድ ጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ካየሃቸው መቼም አይምታቱብህም፣ ከደረቁ ወደ ቀንዱ፣ ከቀንዱ ወደ ቅጠሉ።

ጎቲክ የሚለው፣ የድሮ የአውሮፓ ካቴድራሎች አሰራር፣ ካርድህ ላይ ፍላይንግ ባትረስ የሚል ቃል አይቻለሁ። ዊስኮንሲን አቬኑ ላይ ያለውን ናሽናል ካቴድራል ታውቀው የለም? 1907 ተጀምሮ 1990 ያለቀው። ግድግዳው ጋ ሄደህ ከውጪ ቀና በል። ከላይ ያለው የድንጋይ ጣሪያ ግድግዳውን ወደ ውጪ ይገፋዋል፣ እኛ አገር ጎጆ ሲያዘም በባላ እንደምንደግፈው ማለት ነው፣ ያ ከውጪ የተዘረጋው የድንጋይ ክንድ ባላው ነው። ክንዱ ክብደቱን ስለተሸከመለት ግድግዳው ቀጭን መሆን ይችላል፣ ግድግዳው ከቀጠነ ትልልቅ መስኮት መክፈት ይቻላል፣ መስኮቱ ሲከፈት ባለቀለም መስታወት ይገባል። አየህ፣ ሶስት ካርድ የነበረው ነገር አንድ ሆነ። አሁን የተቀመጥኩበት ኤርፖርትም ራሱ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፣ ዋናውን ተርሚናል የነደፈው አርክቴክቱ ኤሮ ሳሪነን ነው፣ 1962 ሲመረቅ ሰውየው ከሞተ አመት ሆኖት ነበር። እኔ እዚህ ጣሪያ ስር ስንት አመት ሻንጣ ስጭን ማን ሰራው ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር እኮ።

ስእል ላይ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዝምብህ። ናሽናል ጋለሪ መግቢያው ነጻ ነው። ከዳቪንቺ የቀለም ስእሎች በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ለህዝብ የሚታየው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እዛ ነው ያለው። ጂኔቭራ የምትባል የፍሎረንስ ልጅ ናት፣ የባንክ ባለሃብት ልጅ፣ ፊቷ ገረጣ ያለ፣ ኩርፊያም ያለባት ትመስላለች። መጀመሪያ የምታየው ፊቷን ነው አደል? እኔ ግን አንድ ቀን ተሳፋሪ አድርሼ ትርፍ ሰአት አግኝቼ ስገባ አይኔን የያዘው ከኋላዋ ያለው ዛፍ ነው። ጥድ ነው! ደብራችን ቅጥር ውስጥ ያለው አይነት ጥድ፣ ዘመዱ ማለቴ ነው። ጥድን በጣሊያንኛ ጂኔፕሮ ይሉታል፣ ልጅቷ ጂኔቭራ። ገባህ? ስሟን በዛፍ ጻፈው። ሰሙ ዛፍ፣ ወርቁ ስሟ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ፣ ጥበቃው ዞር ብሎ አየኝ። ስእሉን ዞረህ ከጀርባው ብታየው ደግሞ በላቲን መልክ ለምግባር ጌጥ ነው የሚል ጽሁፍ አለ፣ መሃሉ ላይ አሁንም የጥድ ቅርንጫፍ። አያትህ ይሄን ቢያይ ሌኦናርዶን ቅኔ ቤት አስገብቶ ያስቀኘው ነበር።

እዛው ህንጻ ውስጥ ኤድጋር ደጋ የሚባለው ፈረንሳዊ የሰራት ትንሿ ባሌሪና አለች፣ ከሰም የተሰራችው፣ የጨርቅ ቀሚስ ያለበሳት፣ 1881 ለህዝብ ሲያሳያት ሰዉ ተሳድቦ ነበር። እሷን እሁድ ታያታለህ፣ አሁን አልጽፍም።

ሊትሬቸሩ ላይ ሶኔት የሚሉት የግጥም አይነት ያስቸገረህ መሰለኝ፣ ማስታወሻህ ላይ ሶስቴ ሰርዘህ ጽፈኸዋል። እንዲህ አስበው፣ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሶስት፣ ቁጥሩ ከተሳሳተ ቅኔው ቅኔ አደለም። ሶኔትም 14 መስመር ነው፣ ያው ህግ ነው። የጣሊያኑ የፔትራርክ አይነት 8 እና 6 ሆኖ ይከፈላል፣ መጀመሪያ ነገሩን ያነሳል ከዛ ይመልሰዋል። የሼክስፒሩ ግን አራት አራት እያለ ሶስት ጊዜ ሄዶ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ይመታዋል፣ ልክ ቅኔ ሰምተኸው ሰምተኸው መጨረሻ ላይ ወርቁ እንደሚገለጥልህ። ሼክስፒርን ደግሞ በእንግሊዝኛ ከከበደህ መደርደሪያው ላይ ሎሬት ጸጋዬ የተረጎመው ሀምሌት አለ፣ መጀመሪያ እሱን አንብብና ተመለስ። አማርኛህ ይበቃል፣ አይበቃም እንዳትለኝ።

ፍልስፍናው ትንሽ ነው፣ ከፈተናው 10 ፐርሰንቱ ልብወለድ ላልሆነ ጽሁፍ ነው፣ ፍልስፍና እዛ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ግን ሰውን የሚያስፈራው እሱ ነው። ልጅ ሆኜ አያትህ ሶቅራጥስ እንዲህ አለ፣ አፍላጦን እንዲህ አለ ሲል የኛ አባቶች ይመስሉኝ ነበር፣ የሆነ ገዳም የነበሩ። አንጋረ ፈላስፋ የሚባል ከአረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ አለ፣ ከዛ ነው። አሜሪካ መጥቼ ነው አፍላጦን ማለት ፕላቶ መሆኑን ያወቅኩት፣ የአገር ልጅ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ቅደም ተከተሉን እንዳትስት፣ ሶቅራጥስ ራሱ ምንም አልጻፈም፣ ተማሪው ፕላቶ ጻፈለት፣ የፕላቶ ተማሪ አሪስቶትል ነው። ራፋኤል የአቴንስ ትምህርት ቤት ብሎ የሳለውን ስልክህ ላይ አውጣው፣ መሃል ላይ ያሉትን ሁለቱን እጃቸውን እይ። ፕላቶ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሯል፣ እውነተኛው ነገር ከዚህ አለም በላይ ነው ስለሚል፣ አሪስቶትል መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቷል፣ የለም እዚሁ ያለውን እንይ ስለሚል። ሌላ ካርድ አያስፈልግህም። የፕላቶ የዋሻው ምሳሌ፣ ዋሻ ውስጥ ታስረው ጥላ ብቻ እያዩ እውነት ስለሚመስላቸው ሰዎች የሚናገረው፣ ደግሞ እኔ ፓርኪንግ ስር ሆኜ ከላይ የሚያልፈውን ሰው በጥላው ብቻ ሳይ የኖርኩት ነው፣ ስንገናኝ ብዙ አወራልሃለሁ።

ፊልምና ዳንስ 10 ፐርሰንት ናቸው። የሶቪየቱ ዳይሬክተር የአይዘንስታይን ፊልም፣ ፖተምኪን የሚለውን እንዳትሸመድደው፣ እኔ በደርግ ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አሳይተውኛል፣ ድምጽ የለውም፣ የህጻን ጋሪ በደረጃ እየተንከባለለ ሲወርድ ሴቶቹ አዳራሹን በጩኸት አደበላለቁት። ሞንታዥ የሚሉት ያ ነው፣ ወታደሩን ትንሽ፣ ጋሪውን ትንሽ፣ እናትየውን ትንሽ እየቆረጠ እየቀጠለ ልብህን ማንጠልጠል። ደረጃውን ብቻ ዩቲዩብ ላይ እየው። ሙዚቃ ለሚለው መኪናዬ ውስጥ የክላሲካል ሙዚቃው ሬዲዮ 90.9 ክፍት ነው፣ ከኔ ጋር ስትሄድ ስልክህን አስቀምጠህ ስማ፣ ከእያንዳንዱ በፊት የማን እንደሆነ ይናገራሉ፣ እኔ ባህንና ቤትሆቨንን በዛ ነው የለየሁት፣ ተሳፋሪ ሁሉ ይገርመዋል። ልብወለድ ላይ ግን አልረዳህም፣ እሱን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

አሁን የፈተናው ጣጣ። ድጋሚ ለመውሰድ ሶስት ወር መጠበቅ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ከጁን 9 በፊት አይቻልም፣ ጥሩ ነው ጊዜ አለን። መክፈል የለብህም፣ ሞደርን ስቴትስ የሚባለው ድረገጽ ላይ ነጻውን ኮርስ ስትጨርስ የፈተናውን ቫውቸር ይሰጡሃል፣ ያኔ ከራስህ ደሞዝ ነው የከፈልከው አደል? ሌላው፣ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፣ ስለዚህ ባዶ አትተው፣ አንዱን ጠቁመህ እለፍ። ከዛ በፊት ግን ልትዛወርበት ያሰብከው ዩኒቨርሲቲ ይሄን ፈተና መቀበሉንና ስንት እንደሚፈልግ በኢሜይል ጠይቅና በጽሁፍ ያዝ። አንድ እዚህ አብሮኝ የሚሰራ ሰውዬ ልጁ አልፋ ስታበቃ የተዛወረችበት ቦታ አንቀበልም አሏት፣ 3 ክሬዲት እንዲሁ ቀረ፣ መጀመሪያ የመከራት ሰው ችግር የለውም ብሏት ነበር፣ በአፍ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስራ አልገባም፣ መኪናውን አጥባለሁ፣ ሊንከን ጋ እንጀምርና በጀፈርሰን አድርገን ሱፕሪም ኮርት፣ ከዛ ጂኔቭራን። ካርዱን ለዛን ቀን ተወው። የሚመች ጫማ አድርግ፣ ያንን ነጩን አይደለም።

ለእናትህ አልነገርኳትም፣ አልነግራትምም። ከእሁድ በፊት አንተ ንገራት፣ ማታ ስትገባ ሶፋው ላይ እየጠበቀችህ ነው የምትተኛው፣ ቀስቅሳትና ንገራት።

አባትህ